የመዝሙር ደብተሩን ያስረከበኝ ወጣት፦ ምን ብዬ ልጠይቀው?

አስተባባሪው (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሙያዬ ሌላ ስለሆነ ስለ አእምሮ ጤና የማውቀው ማንም ሰው የሚያውቀውን ያህል ነው። የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ የገጠመኝን ነገር ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው፤ ልጁን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

ከመዘምራኑ መካከል አንድ የ19 ዓመት ወጣት አለ። ለልምምድ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ፣ ወንበር የሚደረድር፣ ሁላችን ከወጣን በኋላ የማይክሮፎኑን ገመድ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ልጅ ነበር። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ ከኋላ ይቆማል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ቅዳሜ ልምምዱ አልቆ ሁሉም ሲበተን እሱ ቀረና በገዛ እጁ ጽፎ የሞላውን የመዝሙር ደብተር ሰጠኝ። ሽፋኑ በፕላስተር ተጠግኗል፤ በየገጹ ዳር ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጎበታል። «አንተ ጋ ይሁን፤ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል» አለኝ። «አንተስ?» ስለው ፈገግ ብሎ «እኔማ ደከመኝ፤ በቃኝ» አለ። እኔ አገልግሎቱ የበቃው መሰለኝ። «ሁላችንም ይደክመናል፤ ጸልይበት» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁና በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባነንኩ። «በቃኝ» ያለው ምኑን ነው? አገልግሎቱን ወይስ ሕይወቱን? እሑድ መጥቶ አይቼዋለሁ፤ ሰላም ብሎኛል፤ እኔ ግን ምንም ሳልጠይቀው ሦስት ቀን አለፈ። የሚያስፈራኝ ብዙ ነው። በግልጽ ብጠይቀው ያላሰበውን ሐሳብ አስገባበታለሁ ብዬ እሰጋለሁ። ለቤተሰቡ ወይም ለካህኑ ብናገር ያመነኝን ልጅ አሳልፌ እንደሰጠሁት ይቆጠራል። ዝም ብልስ? ባለፈው ዓመት ስለዚህ ጉዳይ ለወጣቶቹ ትምህርት ይዘጋጅ ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ አንድ ታላቅ ወንድም «ይህን ነገር በልጆች ፊት ስሙን እንኳ አታንሣ» ብለውኝ ቀርቷል። ልምድ ያላችሁ ምን ትሉኛላችሁ?

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ ይህን እንዳነበቡ ለልጁ ይደውሉለት፤ የቀረውን ጽሑፌን ከደወሉ በኋላ ያነቡታል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሰው መሸሽ፣ የሚወዱትን ዕቃ ለሌላ መስጠትና «በቃኝ» ማለት አንድ ላይ ሲመጡ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ የሚያቆዩ ምልክቶች አይደሉም። ራሱን ለመጉዳት እንደተዘጋጀ ከነገረዎት፣ ወይም አነጋገሩ እንደዚያ ከመሰለዎት፣ ያለበት ድረስ ሄደው አብረውት ይሁኑ፤ በአካባቢዎ ያለውን የድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ይጥሩ፤ ካልሆነም ራስዎ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት።

«ሐሳቡን አስገባበታለሁ» የሚለው ስጋት በየቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን በሐኪሞች ዘንድም ለረጅም ጊዜ የኖረ ነው። በተደጋጋሚ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ከ2,300 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ስለ ራስ ማጥፋት የተጠየቁት ካልተጠየቁት የበለጠ አልተጨነቁም፤ እንዲያውም ቀድሞውኑ በከባድ ድብርት ውስጥ የነበሩት ከተጠየቁ በኋላ ቀለል ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ሐሳቡ ያለበት ሰው ከእርስዎ አይማረውም፤ ከእርስዎ የሚያገኘው የሚናገርበትን በር ነው።

ግን በቋንቋችን አንድ ችግር አለ፤ ለብዙ ጊዜ ሳስበው የኖርኩት ነገር ነው። ሞት በየቀኑ አፋችን ላይ ነው። ቁልፍ የጠፋበት «ምነው በሞትኩ» ይላል፤ ልጇ ያስቸገራት እናት «ሞቴን ባየሁት» ትላለች፤ ሥራ የበዛበት «ሥራው ገደለኝ» ይላል። ከዚህ የተነሣ ጆሯችን ደንዝዟል። እኔ የምሰጋው በጩኸት ለሚነገረው አይደለም፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዴም በፈገግታ ለሚነገረው ነው። «ተኝቼ ባልነቃ»፣ «ለማንም አልጠቅምም»፣ «እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር» የሚሉትን ይስሙ። በተለይ የመጨረሻይቱን። ሰው ራሱን ለሚወዳቸው ሰዎች ሸክም አድርጎ መቁጠር ሲጀምር፣ መሞት ለእነርሱ የሚያደርግላቸው ውለታ ይመስለዋል፤ ከዚህ ስሕተት የሚያወጣው ክርክር ሳይሆን የሰው አጠገቡ መሆን ነው።

አጠያየቁን በተመለከተ፣ «እንዲህ ያለ ነገርማ አታስብም፤ አይደል?» ብለው አይጠይቁት። ይህ «አላስብም» የሚል መልስ እየለመኑ መጠየቅ ነው፤ ልጁም እርስዎን ላለማስደንገጥ ሲል የለመኑትን ይሰጥዎታል። ይልቁንም «ቅዳሜ በቃኝ ስትለኝ በደንብ አልሰማሁህም። አንዳንድ ሰው እንደዚህ ሲደክመው ሞትን ይመኛል። አንተ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይበሉት። ቃሏን በሙሉዋ ይናገሯት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝማል፤ በጥቅስም በምክርም አይሙሉት። «አዎን» ካለ መቼና እንዴት እንዳሰበ፣ ያሰበበትም ነገር በእጁ እንዳለ ይጠይቁ። ሐሳብ ብቻ ያለበትና ቀን የቆረጠ ሰው እኩል አይታዩም፤ ሁለተኛው ለአንዲት ደቂቃም ብቻውን አይተውም።

ሽማግሌው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ልጆቹ ፊት ስሙ አይነሣ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምናልባት እዚህ የተጠቀሱት ታላቅ ወንድም ይመስሉኝ ይሆናል። በግልጽ ልናገር። በአባቶቻችን ዘመን ይህ ነገር እጅግ አስፈሪ ኃጢአት ሆኖ ይነገር ነበር፤ ያ ፍርሃትም ስንቱን እንደያዘ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። አሁን «ሕመም ነው፣ አይፈረድበትም» እያልን በየአዳራሹ ስንናገር ያንን አጥር ራሳችን እያፈረስን እንዳይሆን እፈራለሁ። ደግሞም የሰው ልጅ ጠላት አለው፤ ጨለማ ሐሳብ ሁሉ ከአንጎል ብቻ አይመነጭም። ሐኪም አያስፈልግም አላልኩም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን የራሷን መሣሪያ አስቀምጣ የሌላ ሰው መሣሪያ ለመዋስ ስትሮጥ ማየት አያስደስተኝም። በጾምና በጸሎት የተፈቱ ብዙ አይቻለሁ።

አንድ ካህን

አባታችን ያነሡት ፍርሃት በንቀት የሚታለፍ አይደለም። እምነት ሰውን ከሞት አፋፍ የሚይዝ ገመድ መሆኑን በአገልግሎቴ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ «እግዚአብሔርን ስለፈራሁ ተውኩት» ያሉኝ አሉ። ነገር ግን ያው ፍርሃት ሌላም ሥራ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ሐሳቡ ያለበትን ወጣት አፍ ይዘጋዋል። ሐሳቡ ራሱ ኩነኔ መስሎት ለንስሐ አባቱ እንኳ አይናገርም። አጥሩ ውጭ ያለውን እንዳይገባ ሲከለክል፣ ቀድሞ ገብቶ የተገኘውንም ሰው እንዳይወጣ ይከለክለዋል።

መጻሕፍቱን እንመልከት። ሙሴ በዘኍልቍ 11፣ ኤርምያስ በምዕራፍ 20፣ ኢዮብ በምዕራፍ 3፣ ዮናስ በምዕራፍ 4 ሞትን ተመኝተዋል ወይም የተወለዱበትን ቀን ረግመዋል። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8 በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ይጽፋል። መዝሙር 88፣ በሌላው አቆጣጠር 87፣ በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ እንደ ሌሎቹ መዝሙራት በምስጋና አይዘጋም፤ ያም ሆኖ ከመጽሐፉ አልወጣም። በስብከታችን ግን ስንቶቻችን አንብበነዋል?

ከሁሉ ይልቅ በሐዋርያት ሥራ 16 ያለውን የፊልጵስዩስን የወኅኒ ጠባቂ አስባለሁ። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው የወኅኒው መሠረት መናወጡንና የጠባቂውን መጠመቅ ነው። በመካከል ግን ሰውየው ሰይፉን መዝዞ ራሱን ሊያጠፋ ነበር። ጳውሎስ ስለ ኃጢአቱ አልተናገረውም፤ ስለ እምነትም ገና አላነሣበትም። በታላቅ ድምፅ ጮኾ በራሱ ላይ ክፉ እንዳያደርግ ነገረው፤ ምክንያቱንም ሲነግረው «ሁላችን እዚህ አለን» ነው ያለው። ትምህርቱ የመጣው ሰይፉ ከወረደ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የተጻፈ አይመስለኝም።

በቀኖናም ቢሆን ነገሩ እንደሚባለው አንድ ገጽ ብቻ የለውም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቲሞቴዎስ ራሱን ስላጠፋ ሰው ተጠይቆ ሲመልስ፣ ሰውየው በእርግጥ አእምሮውን የሳተ እንደነበር ካህኑ በጥንቃቄ እንዲመረምር ያዛል። ጥብቅ ቀኖና ነው፤ ዘመዶች ሊዋሹ እንደሚችሉም ያስጠነቅቃል። ቢሆንም የታመመን አእምሮ ከፈቃድ ጋር አንድ አድርጎ አልቆጠረውም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. የ1917ቱ የቀኖና ሕግ ሆን ብለው ራሳቸውን ላጠፉ የቤተ ክርስቲያን ቀብር ይከለክል ነበር፤ የ1983ቱ ሕግ ግን ይህን ክልከላ አላካተተም።

ስለ ምስጢር አንድ ቃል ልጨምር። የንስሐ ምስጢር አይገለጥም። ነገር ግን በንስሐ ይህን የነገረኝን ወጣት ሳላሰናብተው «የነገርከኝን ከንስሐው ውጭ ደግመህ ንገረኝ፤ ወይም አሁን አብረን ሄደን ለእናትህ እንንገራት» እለዋለሁ፤ እስኪሄድም አብሬው እቀመጣለሁ። አንተ ግን ልጄ፣ አስተባባሪ እንጂ የንስሐ አባት አይደለህም። «ለማንም አልናገርም» ብለህ ቃል አትግባ። «ብቻዬን የማልይዘው ነገር ከሆነ ለማን እንደምንነግር አብረን እንመርጣለን» በለው። ይህን ቀድመህ ከነገርከው ኋላ ብትናገር አሳልፈህ አልሰጠኸውም።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ኃጢአት ደጋግመው የሚናዘዙና ይቅርታው አንድ ቀን እንኳ የማያሳርፋቸው ወጣቶች አሉ። ይህን ለዓመታት የጠለቀ መንፈሳዊነት አድርጌ እቆጥረው ነበር። አንዳንዱ የሚታከም የጭንቀት ሕመም እንደሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እስካሁን ይጸጽተኛል።

ከዚያ የተመለሰች

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን 31 ዓመቴ ነው። በ20 ዓመቴ ሕይወቴን ለማጥፋት ሞክሬ ተርፌያለሁ። የት እንደነበርኩና የየትኛው ማኅበር አባል እንደነበርኩ አልጽፍም፤ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም።

ከሆስፒታል ስወጣ በሳምንቱ ምስክርነት እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ቆሜ «ጌታ ከሞት አወጣኝ» አልኩ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እቤት ስገባ ሐሳቡ ጠብቆኝ ነበር። አሁን ግን ለማን ልናገር? ድኛለሁ ብዬ በማይክሮፎን ተናግሬያለሁ። ቀጥሎም አንዲት ታላቅ እህት በቅን ልብ «ከፈወሰሽ መድኃኒቱ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ፤ ተውኩት። በወሩ ከጀመርኩበት ቦታ ይልቅ ወደ ባሰው ተመለስኩ። ስለዚህ አገልጋዮችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ገና ቁስሉ ያልደረቀን ወጣት መድረክ ላይ አታውጡ። ለዓመት ቢቆይ እግዚአብሔር አይቸኩልም።

የረዳኝን ልንገራችሁ። በማኅበሩ ውስጥ አገልግሎት የሌላቸው፣ ሁልጊዜ የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ለአራት ወራት ያህል ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ሹራባቸውን ይሠሩ ነበር። ብዙም አያወሩኝም። አንድ ቀን መርፌያቸውን ሳያቆሙ «ዛሬስ መሞት ያምርሻል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ልክ «ራስ ምታቱስ?» እንደሚባለው። «አዎን» አልኳቸው። «እሺ፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ታድሪያለሽ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በማግስቱ ከሐኪሜ ቀጠሮ ላይ አብረውኝ ተቀመጡ። መድኃኒቱን እንደገና የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ስለ እኔ ይጸልዩ እንደነበር ያወቅሁት ካረፉ በኋላ ልጃቸው ስትነግረኝ ነው።

ወንድሜ አስተባባሪ፣ ልጁ «ጸልይበት» ስላሉት አልተቀየመዎትም ይሆናል። እኔ አልተቀየምኩም ነበር። ሊሰማኝ እንዳልቻለ ቆጥሬ ለሚቀጥለው ሰው መናገሩን ብቻ ነው የተውኩት። እንደገና ይጠይቁት።

ሽማግሌው

ልጄ፣ እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው። ስለ መድኃኒቱ የተናገርሽው ልቤን ነካው፤ እኔም እንደዚያ ያልኩት ሰው አለ። ስለ ጠላት የተናገርኩትን አልመልስም፤ ጠላት ግን የታመመን ሰው ብቻውን ማግኘት እንደሚወድ ልጨምርበት። ካህኑ ያነሡትን የወኅኒ ጠባቂ ዛሬ ደግሜ አነበብኩት።

የሌሊት ተረኛ

አባታችን መድኃኒትን ስላነሡ አንድ ነገር ላስታውስ። ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች ሥራቸው ቶሎ አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ከ25 ዓመት በታች በሆኑ ወጣቶች ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚጨምርባቸው ጥቂቶች ስላሉ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አዟል። ይህ መድኃኒቱን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ትርጉሙ እነዚያን ሳምንታት ወጣቱን በቅርብ የሚያይ ሰው ይኑር ማለት ነው። ሐኪሙ በሁለት ሳምንት አንዴ ያየዋል፤ እናንተ በሳምንት ሦስት ቀን ታዩታላችሁ። ከሌላ የተዋሳችሁት መሣሪያ አይደለም፤ ሐኪም ቤት የሌለው የእናንተ መሣሪያ ነው።

ይህን ካህናት ቀድመው ያወቁበት ጊዜ አለ። ቻድ ቫራህ የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ እ.ኤ.አ. በ1935 ገና ወጣት አገልጋይ ሳሉ የቀበሯት ልጅ 14 ዓመቷ ነበር። የወር አበባዋ ሲመጣ ክፉ በሽታ የያዛት መስሏት፣ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ነበር ሕይወቷን ያጠፋችው። በ1953 ለንደን ውስጥ በቤተ ክርስቲያናቸው ተስፋ ለቆረጡ ሰዎች የስልክ አገልግሎት ጀመሩ፤ ኋላ «ሳማሪታንስ» የተባለው ድርጅት ከዚያ ወጣ። ቄሱን ለማነጋገር ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ሻይ እያቀረቡ የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ጥቂት ቆይተው ቄሱ ያስተዋሉት፣ ብዙዎቹ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ካወሩ በኋላ እሳቸውን ማነጋገር እንዳላስፈለጋቸው ነው። በ1954 የማዳመጡን ሥራ ለእነርሱ ለቀቁላቸው። የማክሰኞዋን እናት ታሪክ ሳነብ ይህን አስታወስኩ።

ወንድሜን ያጣሁ

እኔ የምጽፈው ከሌላው ወገን ነው፤ ማንም ያልጠየቀው ልጅ ወንድም ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 727,000 ያህል ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት እንደሞቱ፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድም ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደሆነ ይገልጻል። ከእነዚያ አንዱ በእኛ ቤት ነበር።

ስለ ቀብሩ ልናገር የምፈልገው አጭር ነው። አንዳንዶች መጥተው አንድም ቃል ሳይወጣቸው አብረውን ተቀመጡ፤ እነርሱን አልረሳቸውም። ሌሎች የት እንደሄደ ሊነግሩን ሞከሩ፤ እነርሱንም አልረሳቸውም። በስብከቱ ላይ የሆነው ግን ሁለቱንም ያስከነዳል፤ ሰባኪው ለማጽናናት ብሎ «አሁን ዐረፈ፣ ሥቃዩ ሁሉ አበቃ» ብሎ ደጋግሞ ተናገረ። በመዘምራኑ መካከል የወንድሜ ባልንጀራ ቆሞ ነበር። ፊቱን እያየሁት ነበር። ያ ስብከት ለእናቴ መጽናኛ፣ ለእሱ ግብዣ እንዳይሆን ፈራሁ፤ ማታውን ሄጄ ጠየቅሁት፤ ሳስበው ነበር አለኝ። ዛሬ ደኅና ነው።

ስለዚህ አገልጋዮች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሞት ከገጠማችሁ አሟሟቱን አትተርኩ፤ ሞትን የዕረፍት በር አድርጋችሁ አትሳሉት። ስለ ሕይወቱ ተናገሩ፤ ታሞ እንደነበርና ይህ ሕመም ሕክምና ያለው እንደሆነ ተናገሩ፤ የዚያኑ ሳምንት ደግሞ የቅርብ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ። «ራሱን ገደለ» ከማለትም «ራሱን በማጥፋት ሞተ» ብትሉ ለእኛ ለቀረነው ይቀለናል፤ መግደል የወንጀል ቃል ነው፤ ወንድሜ ወንጀለኛ አልነበረም።

አስተባባሪው

ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ። የሌሊት ተረኛዋን መልእክት ያነበብኩ ማታ ነበር የደወልኩለት፤ አላነሣም፤ ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ቆመን ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም፤ የተዘጋጀሁበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋኝ። ቃሏን ግን ተናገርኳት። መሬት መሬት እያየ ቆየ። በመንገዱ ላይ ሁለት መኪና አለፈ። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልንገርህ?» አለኝ።

ሐሳቡ ነበር፤ ቀን ግን አልቆረጠም። ለማን እንንገር ስለው አባቱን ሳይሆን አክስቱን መረጠ፤ ያን ማታ እሷ ጋ አደረ። በቤት ውስጥ የነበረውን ለጉዳት ሊውል የሚችል ነገር እሷ ሰብስባ ከቤት አውጥታለች። ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው፤ ሦስታችንም እንሄዳለን። ለካህናችንም በእሱ ፈቃድ ነግሬያቸው ቤቱ ድረስ መጥተው ጠይቀውታል። ደብተሩ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

እስከ ሐሙስ ሁለት ሌሊት አለ። አክስቱ ሌሊት ላይ ቢብስበት ምን እናድርግ ብላ ጠይቃኛለች። ለሌሎቹ ወጣቶች ትምህርት የማዘጋጀቱን ነገር ሽማግሌዎቹ ለመነጋገር ተስማምተዋል፤ እሱ ይቆይ።

የሌሊት ተረኛ

እግዚአብሔር ይመስገን። ለሁለቱ ሌሊቶች አንድ ወረቀት ያዘጋጁ፤ ልጁ በራሱ እጅ ይጻፈው፤ አክስቱ ቃል አታቀብለው። መጀመሪያ፣ ሊብስበት ሲል ምን ምልክት እንደሚያይ ይጻፍ፤ ለምሳሌ እንቅልፍ መጥፋት ወይም ስልክ ማጥፋት። ቀጥሎ ብቻውን ሆኖ ሐሳቡን ለጥቂት ጊዜ የሚያሳልፍበት ነገር፤ መዝሙር ማዳመጥ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ካልጠራው ግን እናንተ አትጻፉለት። ከዚያ ስለ ጉዳዩ ሳያነሣ እንኳ አብሯቸው መሆን የሚችላቸው ሰዎች፤ ከዚያ በግልጽ እርዱኝ የሚላቸው ሰዎች ከነስልካቸው፤ በመጨረሻ የሐኪም ቤቱና የድንገተኛ አገልግሎቱ ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የድንገተኛ ክፍሎች በተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ዕቅድ የጻፉና ከወጡ በኋላም በስልክ የተጠየቁ ሕሙማን በስድስት ወር ውስጥ ራሳቸውን ለመጉዳት ያደረጉት ሙከራ ከሌሎቹ በ45 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ስልኩን አይርሱት፤ ወረቀቱ ብቻውን አይደለም የሠራው።

አክስቱ በሩን ሳትዘጋ በሚቀጥለው ክፍል ትተኛ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢነቃ ለመነጋገር አታስገድደው፤ መብራት አብርታ አጠገቡ ትቀመጥ፤ ራሱን ሊጎዳ ነው ብላ ከጠረጠረች ግን እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ሐሙስ ለሐኪሙ ስትነግሩ የደብተሩን ነገር አትተዉ፤ ቀኑንና ያለውን ቃል እንዳለ ንገሩት። ወረቀቱ ላይ የእርስዎ ስልክ ከተጻፈ ደግሞ ሌሊት ድምፁን አያጥፉት።

አስተባባሪው

ተጽፏል። የእኔ ስልክ ሦስተኛ ላይ ነው፤ ከአክስቱና ከአንድ የልጅነት ጓደኛው ቀጥሎ። ያን ጓደኛውን እኔ አላውቀውም ነበር፤ ዛሬ ደውሎ ነገ ማታ እመጣለሁ ብሏል።